ትልቁ ወይስ ትንሹ

ባለፈው ሳምንት ሰፊዋን ጥለናት የሄድነው ክፉ ቦታ ላይ ነው፤ የሐኪም ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እስከ አንገቷ በተቆለፈ ሹራብ ተሸፋፍና፣ ተራዋን ስትጠብቅ። ሳምንት ሙሉ እዚያ ማስቀመጣችን ደግ ሥራ አልነበረም። አሁን ነርሷ ልትጠራት ነው። እስክትጠራት ድረስ፣ ታሪኩን ዛሬ ገና ለሚጀምር አንባቢ ልጅቱ ማን እንደሆነች ባጭሩ እንንገረውና አብረን እንገባለን።

ሰፊዋ የምትሠራው ከአንድ የቤት ዕቃ ማምረቻ ነው። ሥራዋ ሶፋ ማልበስ ነው። ከሲታ ናት፣ ምላሷም ስለት አለው፤ ስለዚህ ባልደረቦቿ ‹መርፌ› ይሏታል። ድርጅቱ የእትዬ ነው። እትዬ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱን በጉልበታቸው ያቆሙ፣ ሳቃቸውም ቁጣቸውም ፎቁን ሰንጥቆ የሚሰማ ሴት ናቸው። ሁለት ወንዶች ልጆች አሏቸው፤ ሠራተኛው ሁሉ፣ እናታቸውም ጭምር፣ ‹ትልቁ› እና ‹ትንሹ› እያለ ነው የሚጠራቸው። ትልቁ ቢሮ ተቀምጦ ሒሳብ ይይዛል። ትንሹ ምድር ቤት ሆኖ የሶፋውን እንጨት ያዋቅራል። የሚያስቀው ነገር ትንሹ ከትልቁ በአንድ ራስ መርዘሙ ነው። የወንድሙን ልብስ እየወረሰ ስላደገ ሱሪው ቁርጭምጭሚቱ ላይ ደርሶለት አያውቅም። እትዬ ለጨዋታ ያህል «ትልቁን ያገኘች ሴት ቤቱን አገኘች፣ ትንሹን ያገኘች መጋዙን» ይላሉ። ሲሉ ይስቃሉ፤ ትንሹም አብሮ ይስቃል። ቀልዱን ግን ረስቶት አያውቅም።

የሰፊዋና የትንሹ ፍቅር የተጀመረው በእንጨት ነው። ትንሹ አንድ ሶፋ አዋቅሮ ሲጨርስ ወደ ላይ ይልክላታል፤ እሷ ስፖንጅ ታስቀምጥበታለች፣ ጨርቅ ትወጥርበታለች፣ እንጨቱን ከዚያ ወዲያ የሰው ዓይን አያየውም። አንድ ቀን ከመደገፊያው ውስጥ በእርሳስ የተጻፈ ነገር አገኘች። «ዛሬ ስትስቂ ከታች ሰማሁሽ» ይላል። ምንም ሳትል አለበሰችው። በማግስቱ ሌላ መጣ። እሷም ከቃሉ ሥር በጠመኔ መመለስ ጀመረች፤ እሱ ውጥረቱን አያለሁ ብሎ ወጥቶ፣ አንብቦ፣ ጆሮው ቀልቶ እስኪወርድ ድረስ ጨርቁን አትመታበትም። እንዲህ ሆኖ በዚያ ከተማ ስንት ሰው፣ ሳያውቀው፣ የሰው ፍቅር ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን ያያል።

በቅርቡ የመጣው ባለ ሦስት መቀመጫ ሶፋ ግን የያዘው ቃል ሌላ ነበር። እትዬ ሌላ ከተማ ቅርንጫፍ ሊከፍቱ ነው፤ ትንሹ ሄዶ እንዲመራው ወስነዋል። መደገፊያው ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ «ከመሄዴ በፊት ታገቢኛለሽ?»

ሰፊዋ አልመለሰችም። ሶፋውንም አላለበሰችውም፤ ጥግ አስይዛ ሸራ ጣል አደረገችበት። ደንበኛው በየቀኑ እየደወለ ይጮኻል።

ዝም ያለችው ጠልታው አይደለም። የአሠሪዋ ልጅ መሆኑም፣ እትዬ ምን ይሉኝ ይሆን ማለቱም ያስፈራታል፤ ግን እሱን ትችለው ነበር። የማትችለው ሌላ ነው። ሰፊዋ አንዱ ጡቷ ትልቅ ነው፣ አንዱ ትንሽ። ጥቂት ልዩነት የሌላት ሴት የለችም ይባላል፤ የእሷ ግን በቀሚስ ላይ የሚያስታውቅ ነው። ከልጅነት ስትወጣ ቀኙ አደገ፣ ግራው እንደ ጀመረ ቀረ። ሶፋ ቤት ከገባች ወዲህ ዘዴ አግኝታለች፤ ከቀጭኑ ስፖንጅ ክብ አድርጋ ትቆርጥና ግራውን ትሞላበታለች። ማንም አላወቀባትም። ባል ግን ደንበኛ አይደለም፤ የተሸፈነውን መግለጡ አይቀርም።

ይኸው፣ ነርሷ ጠራቻት።

*

ቀዶ ሐኪሟ ፀጉራቸው ሸበት ያለ፣ እጃቸው ሞቃት፣ ንግግራቸው ቀጥ ያለ ሴት ነበሩ። መጀመሪያ እብጠት ወይም ሌላ ነገር እንዳይኖር በእጃቸውም በአልትራሳውንድም ሁለቱንም አዩ። ሰፊዋ ጣሪያውን እያየች ትንፋሿን ይዛ ነበር። ጨርሰው «ጤነኛ ነሽ፣ ልበሺ» ሲሏት፣ ያኔ ተነፈሰች።

«በሽታ ካልሆነ ምንድነው ታዲያ?» አለች፣ ሹራቧን እየቆለፈች።

«አስተዳደግ ነው። በድንገት የመጣ ቢሆን ኖሮ ሌላ ነገር እፈልግ ነበር። ያንቺ ግን አብሮሽ ያደገ ነው፤ አንዱ ቀደመ፣ አንዱ ዘገየ፣ የዘገየው ሳይደርስ ቀረ። ምን እንዲደረግልሽ ነው የመጣሽው?»

«ትንሹን እንዲሞሉልኝ።»

«ይቻላል» አሉ ሐኪሟ፤ ከመሳቢያቸውም ሲሊኮን የተሞላ ለስላሳ ከረጢት አውጥተው መዳፏ ላይ አኖሩላት። «ይኼ ከሥር ይገባል።»

ሰፊዋ ከረጢቱን ጨመቀችው፣ ለቀቀችው፣ ገለበጠችው። እፍረቷ የት እንደገባ እንጃ፤ የሙያ ነገር ሆነባት። እንዴት እንደሚመለስ፣ ጠርዙ የት እንዳለ፣ መጋጠሚያው በየት በኩል እንደሆነ አገላብጣ አየች።

«ዕድሜ ልክ ይቆያል?»

«ዋስትና የለውም። አንዳንዱ ከዓመታት በኋላ ይቀደዳል፣ አንዳንዱ ዙሪያው ይጠጥርና ይቀየራል። ደግሞ አንቺ ትወፍሪያለሽ፣ ትከሺያለሽ፣ ትወልጃለሽ፤ እሱ ግን እንዳለ ነው። ያኔ ልዩነቱ ተመልሶ ሊመጣ ይችላል።»

«ሌላስ?»

«ከሆድ ወይም ከጭን ስብ ተመጥጦ ትንሹ ውስጥ የሚጨመርበት መንገድ አለ። የራስሽ ነው፣ ባዕድ ነገር አይገባም። ግን ከጨመርነው ከፊሉን ሰውነት መልሶ ይውጠዋል፤ ሁለቴ ሦስቴ መድገም ሊኖር ነው።» ከእግር እስከ ራሷ አዩዋትና ሳቁ። «ካንቺ ላይ ደግሞ ከየት ይመጠጣል? እኔ ነበርኩ የምሰጥሽ።»

ሰፊዋም ሳቀች። ሐኪም ቤት ውስጥ ልስቅ እችላለሁ ብላ አልገመተችም ነበር።

«ትልቁን መቀነስም አለ» ቀጠሉ ሐኪሟ። «ከውስጥ ሥጋውን እንቀንሳለን፣ ቆዳውን እንሰበስባለን፣ ጫፉን ወደ ላይ ከፍ እናደርጋለን። ትልቁ ብዙም ትልቅ ሳይሆን የወረደ ብቻ ቢሆን ማንሳት ብቻውን ይበቃ ነበር፤ ላንቺ አይበቃም።»

«ስፌቱ የት የት ላይ ነው የሚያርፈው?»

ሐኪሟ እርሳስ አንስተው ወረቀት ላይ ሣሉላት፤ በጡቱ ጫፍ ዙሪያ ክብ፣ ከዚያ ቀጥ ብሎ ወደ ታች፣ አንዳንዴም ከሥር እጥፋቱን ይዞ ወደ ጎን። ጠባሳው ይደበዝዛል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም አሏት። የጫፉ ስሜት ሊቀንስ ይችላል። በዚያ በኩል ማጥባትም ሊያስቸግር ይችላል። ከፈለገች አንዱን ጥቂት ቀንሶ ሌላውን ጥቂት መሙላትም ይቻላል።

«ምንም አለማድረግም ምርጫ ነው» አሉ በመጨረሻ። «የትኛውንም ብትመርጪ፣ ሁለቱ ቁርጥ አንድ አይሆኑም፤ ይቀራረባሉ። አሁን እኔ ልጠይቅሽ። ከሁለቱ የትኛውን ትወጂዋለሽ?»

«እንዴት?»

«አንዱን ወደ አንዱ ማምጣቴ አይቀርም። ወደየትኛው ላምጣው?»

ሰፊዋ አንዱን የምጠላው ነው ብላ ነው የመጣችው። ከሁለቱ አንዱን መውደድ ይቻላል ያላት ሰው አልነበረም። «አስቤበት ልምጣ» አለችና ወጣች። መንገዱን ሁሉ ግራ የተጋባ ግን ደስ የሚል ነገር ደረቷ ውስጥ ሲመላለስ ይሰማት ነበር።

*

ከሰዓት በኋላ ሥራ ገብታ ብዙም ሳትቆይ አክስቷ ደወለች። ያሳደገቻት አክስቷ ናት፤ ምስጢሩን የምታውቀውም እሷ ብቻ። አንድ ጆሮዋ አይሰማም። የሚሰማው ጆሮዋም ቢሆን ካልጮኹለት ይኮራል። ሰፊዋ ስልኳን ይዛ የስፖንጅ ማከማቻው ውስጥ ገባችና በሩን ገፋ አደረገችው። ስፖንጅ ድምፅ ይውጣል ብላ ነው። ስፖንጅ ድምፅ መዋጡ እውነት ነው፤ ገርበብ ያለ በር ግን አይውጥም።

«ምን አለችሽ ሐኪሟ?» አክስቷ ከዚያ ወገን ጮኸች።

«ጤነኛ ነሽ አለችኝ።»

«ተመስገን! ከዚያስ?»

«ከዚያማ…» ሰፊዋ ዙሪያዋን አየች። የነገሩን ስም ጮኾ መጥራት እዚህ ቤት የማይሞከር ነው። «‹ትልቁን ነው ወይስ ትንሹን የምትወጂው?› አለችኝ።»

«ምን?»

«ትልቁን ነው ወይስ ትንሹን የምትወጂው!»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ምን እላለሁ አክስቴ? ሁለቱንም ይዤ እስካሁን ኖርኩ፤ ማንም አላወቀብኝም። አሁን ግን ከሠርግ በፊት አንድ መላ ማግኘት አለብኝ።»

«ትልቁ ምን ይሁን ነው የምትዪው?»

«ትልቁማ ምን ይወጣለታል! ሙሉ ነው። ትንሹን ሳይ ነው የማፍረው!»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅሻል?» አለች አክስቷ፣ በተዘጋ ስልክ ሳይቀር የሚሰማ በሚመስል ድምፅ። «ትልቁን ያዢዋ!»

ያን ጊዜ ከበሩ ውጭ አንድ ከባድ ነገር ድም ብሎ ወደቀ። ሰፊዋ ሮጣ ከፈተችው። ትናንት ያዘዘችው የጨርቅ ጥቅል ወለሉ ላይ ተዘርግቶ፣ ጫፉ እየተንከባለለ ይሄዳል። ጨርቅ የሚያመጣላት ትንሹ ነው። ደረጃው ላይ፣ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ያልደረሰ ሱሪ ብቻ ሲወርድ አየች።

ክው አለች። ሰምቷል። ያን ሁሉ ዓመት የሸፈነችው ነገር በጩኸቷ ወጣ። ጨርቁን ልትሰበስብ ጎንበስ አለችና እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

*

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከታች የሚመጣው እንጨት ባዶ ነበር። ልክ ብቻ ተጽፎበት ይመጣል፤ ቁመት፣ ወርድ። ሰፊዋ እያንዳንዱን መደገፊያ እያገላበጠች ትፈልጋለች፣ የእግሩን ሥር ሳይቀር ታያለች፣ የለም። አንድ ጊዜ ደረጃ ላይ ተገናኙ። ትንሹ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «ሰላም ነው» ብሎ አለፋት። ዓይኑ ደረቷ ላይ ላለማረፍ የሸሸ መሰላት።

ግራ የሚያጋባው ደግሞ ትልቁ ወደ ሥራ ቦታዋ ብቅ ብሎ «መርፌ፣ ወንድሜን ምን ነክቶት ነው? ሰላምታ ከነሳኝ ሰነበተ» ማለቱ ነው። ሰፊዋ በእኔ የተነሳ ከሰው ሁሉ ተጣላ ብላ ባሰባት። ትልቁ በዚህ ነገር ምን ዕዳ አለበት ብላ ብትጠይቅ ኖሮ ብዙ እንባ በቀረላት።

እሑድ ረፋድ ላይ ግን፣ ቤቷ ብቻዋን ሆና፣ በሩን ቆልፋ መስታወት ፊት ቆመች። ማልቀስ አምሯት ነበር የቆመችው። የሐኪሟ ጥያቄ ግን አላስለቀሳትም። የትኛውን ትወጂዋለሽ? እስከ ዛሬ መስታወት የምታየው ለመሸፈን ነው፤ ስፖንጁ ተዛንፎ እንደሆነ ለማረጋገጥ። ዛሬ ግን የሰው ቤት እንደገባች እንግዳ ቀስ ብላ ተመለከተች። ትልቁን አየች፤ የጡት ማስያዣው ገመድ ትከሻዋ ላይ የቆፈረውን ቦይም አየች። ጀርባዋን የሚያማት፣ ደረጃ ስትሮጥ በክንዷ የምትደግፈው፣ በሙቀት ቀን ከሥሩ የሚያሳክካት እሱ ነው። ትንሹን አየች። ትንሹ በምንም ነገር አስቸግሯት አያውቅም። ቀላል ነው፣ ለገላዋ ልክ ነው፣ ከከሲታነቷ ጋር ይሄዳል።

«ወይ ጉድ!» አለች ለራሷ። ዝቅ ብላ ደግማ አየችው። ደስ አላት፤ ወዲያው ደግሞ ይህን ደስታ መጀመሪያ ልትነግረው የምትፈልገው ሰው እንደሸሻት ትዝ አላት።

*

በማግስቱ ጠዋት ግቢው ውስጥ የጭነት መኪና ቆሞ አገኘች። መጋዝ፣ መሮ፣ የሥራ ጠረጴዛ እየተጫነ ነው። እትዬ ወገባቸውን ይዘው ያዝዛሉ።

«ምንድነው?» ብላ ጠየቀች አንዱን አናጢ።

«ትንሹ ሊሄድ ነው። የወሩን መጨረሻ አልጠብቅም አለ። ብቻዬን እሄዳለሁ፣ የሚጠብቀኝ ሰው የለም አላቸው ለእናቱ።»

ሰፊዋ ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። የማልበሻ ክፍሉ በር ላይ ስትደርስ ከውስጥ የመፋቅ ድምፅ ሰማች። ሸራው ተገፏል። ትንሹ ባለ ሦስት መቀመጫው ሶፋ ፊት ተንበርክኮ መደገፊያውን በብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። ከጥያቄው ግማሹ ጠፍቷል።

«ምን እያደረግክ ነው?»

ዞር አላለም። «ሶፋው ለባለቤቱ መድረስ አለበት። አንቺ መልስ የለሽም፤ እንጨቱ ምን አጠፋ?»

ሰፊዋ በሩን ዘጋች። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእሷ ዝምታ ግን ነቅዞ ዱቄቱ ይኸው ወለሉ ላይ እየረገፈ ነው። «ሰምተሃል» አለችው።

«ሰምቻለሁ።»

«እኔ ራሴ ልነግርህ ነበር።»

«መቼ? ከሠርጉ በኋላ?»

«በፊት። መላ ካገኘሁለት በኋላ።»

«መላ!» ትንሹ ብርጭቆ ወረቀቱን ወርውሮ ተነሳ። ዓይኑ ቀልቷል፤ እንቅልፍ ካጣ ቆይቷል። «እኔ እዚህ እንጨት ላይ ልቤን ስጽፍ፣ አንቺ ሁለቱን ይዘሽ ስታመዛዝኚ ነበር?»

«መምረጥ ቀላል መሰለህ? ሁለቱም የእኔ ናቸው!»

«ሁለቱም የእኔ! እንዲህ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ?»

«ታዲያ የማን ይሁኑ?» አለች ሰፊዋ፣ እንባዋ እየወረደ። «ከእኔ ጋር የኖሩትን፣ ደብቄ የያዝኳቸውን፣ የማን ናቸው ልበልህ?»

ትንሹ ግንባሩን ያዘ። «ከመቼ ጀምሮ ነው ይኼ ነገር?»

«ከአሥራ ሦስት ዓመቴ ጀምሮ።»

ትንሹ እጁን ቀስ ብሎ ከግንባሩ አወረደ። ቁጣው ሳይወርድ አንድ ሌላ ነገር መሐል ገባበት።

«ከአሥራ ሦስት ዓመትሽ? እዚህ ቤት የገባሽው በቅርቡ አይደለም እንዴ? ወንድሜን የት አውቀሽው?»

«ወንድምህ በዚህ ነገር ምን አገባው?»

«ትልቁ ነዋ!»

«አዎ፣ ትልቁ!» አለች፣ እጇ ሳታስበው ቀኝ ደረቷ ላይ አርፎ። «ትልቁ ምን…»

አልጨረሰችውም። ትንሹ እጇ ያረፈበትን አየ፣ ፊቷን አየ፣ ተመልሶ እጇን አየ። እሷም አክስቷን፣ በሩን፣ የጮኸችውን ቃል አንድ በአንድ አሰበች። ‹ትልቁማ ምን ይወጣለታል፣ ትንሹን ሳይ ነው የማፍረው።› ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኼ ነው።

«ጡቴን ነው» አለች። ቃሉን ወንድ ፊት ተናግራው አታውቅም፤ ሲወጣ ግን እንደ ማንኛውም ቃል ወጣ። «ስለ ጡቴ ነው ሳወራ የነበረው። አንዱ ትልቅ ነው፣ አንዱ ትንሽ ነው። ሐኪም ጋ ሄጄ ነበር።»

ትንሹ ስፖንጅ ባልገባበት ሶፋ ላይ ዘጭ አለ። ከዚያ ሳቀ። ያን ሁሉ ቀን የታፈነ ሳቅ ነው፣ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ፣ እንባው እየፈሰሰ ሳቀ። «ይኼው ነው?» አለ። «እኔ እኮ… ይኼው ነው? ተይው በቃ! ለእኔ ምንም አይደለም። ሐኪም ምን ያደርግልሻል? እንዲሁ እንዳለሽ ነው የምፈልግሽ።»

ሴቶች አንባቢዎቻችን እዚህ ላይ ትንሹን ይቅር ሳትሉት እንዳትቀሩ እሠጋለሁ። የሚያምር ነገር የተናገረ መስሎት ነው። ሰፊዋ ግን አልሳቀችም፤ ቀዝቀዝ ብላ ቆመች።

«ለአንተማ ምንም ላይሆን ይችላል» አለችው። «ትከሻህን አይቆርጥህም። ጓደኞችህ ወንዝ ሲወርዱ አሞኛል ብለህ ቤት አልቀረህም። ይኼን ሁሉ ዓመት ብቻዬን የተሸከምኩትን ‹ይኼው ነው› ብለህ በአንድ ቃል ጨረስክልኝ። እኔ ፈቃድ አልጠየቅኩህም። ትፈልገኛለህ አትፈልገኝም ብዬም አይደለም ሐኪም ጋ የሄድኩት። የራሴን ገላ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

ትንሹ የሳቁን እንባ በእጅጌው ጠረገ።

ከታች የእትዬ ድምፅ መጣ፦ «ትንሹ! መኪናው ተጭኗል!»

ትንሹ አልተነሳም። ልጅቱን አያት፤ እስከ ዛሬ በወንድሙ ልብስ፣ በእናቱ ቀልድ፣ በራሱ ሥጋት በኩል ነበር ዓለምን የሚያየው። አሁን እሷን አያት። «ቆይ እማዬ!» ብሎ መለሰ። እናቱን ቆይ ብሎ አያውቅም። ከዚያ ሶፋው ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀላትና «እሺ ንገሪኝ» አለ። «ምን ያደርጉልሻል? ከመጀመሪያው።»

ሰፊዋ እያመነታች ተቀመጠች። ስለ ከረጢቱ ነገረችው። ምን ዓይነት ነው፣ ሲጫኑት ይመለሳል ወይ ብሎ ጠየቃት። ስለ ስቡ ነገረችው። ሰውነት እንዴት የራሱን ይውጣል አለ ገርሞት። ስለ መቀነሱ ስትነግረው ከጆሮው ላይ እርሳሱን አወጣላትና፣ እሷም እሱ በፋቀው እንጨት ላይ ክቡን፣ ቀጥ ያለውን መስመር፣ የሥሩን እጥፋት ሣለችለት። ጎንበስ ብሎ አየው። የሚያፍር ሰው አስተያየት አልነበረም፤ የሚያዝንላትም አልነበረም። ማወቅ የፈለገ ሰው ነበር፤ ሰፊዋ ደግሞ ማንም ሰው በዚህ ዓይን አይቷት አያውቅም።

«ታዲያ ሐኪሟ ‹የትኛውን ትወጂዋለሽ?› ስትልሽ ምን አልሻት?»

«ያኔ መልስ አልነበረኝም። ስገባ ትንሹን አስሞላለሁ ብዬ ነው የገባሁት። እሑድ ለት ግን አየሁት። ያስቸገረኝ ሁልጊዜ ትልቁ ነው፤ ጥፋተኛ ያደረግኩት ግን ትንሹን ነው። ትንሹን ነው የምወደው።»

ትንሹ ጆሮው ድረስ ቀላ።

«ስለ ጡቴ ነው የማወራህ» አለችው።

«ገብቶኛል» አለ። ፊቱ ላይ የሚታየው ግን ሌላም ነገር የገባው ሰው ፊት ነበር።

«ስለዚህ ትልቁን አስቀንሰዋለሁ። ግን በዚያ በኩል ላላጠባ እችላለሁ። ከወለድኩ በኋላ ይሁን ወይስ አሁን፣ ገና አልወሰንኩም። የምወስነው እኔ ነኝ።»

«አንቺ ነሽ» አለ ትንሹ። ቀጥሎም «ያማል?» ብሎ ጠየቃት።

«ሲያደነዝዙኝ አልሰማም። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንት ከባድ ነገር አታንሺ ብለውኛል፣ ቁስሉም…»

«እሱን አይደለም። እስከ ዛሬ ነው የምልሽ። ያምሽ ነበር?»

ሰፊዋን ሐኪሟ ብዙ ጠይቀዋታል፤ አክስቷም ጠይቃታለች። ይህን ግን ማንም አልጠየቃትም፤ እሷም ራሷን ጠይቃ አታውቅም። «ትከሻዬን» አለች በመጨረሻ።

«ትከሻሽን ብቻ?»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ በላይ አልቻለችም፤ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አለቀሰች። ትንሹ አይዞሽ አላላትም፣ አታልቅሺም አላላትም። ትከሻው ትከሻዋን እስኪነካ ብቻ ተጠጋ፤ ያንን ለቅሶ እስከ መጨረሻው ሰማላት።

«ትንሹ!» አሉ እትዬ ከታች፣ አሁን በቁጣ።

«እሺ» አለች ሰፊዋ፣ ከእጇ ሥር።

«ምኑን ነው እሺ?»

«የጠየቅከኝን።»

«ብዙ ነገር ጠየቅኩሽ እኮ።»

«መጀመሪያ የጠየቅከኝን። ፍቀህ አጠፋኸው አይደል? አሁን በአፍህ ድገመው።»

ለእንጨት ካልሆነ ልቡን ተናግሮ የማያውቀው ልጅ ጉሮሮውን ጠራረገ። ሁለቴ ጀመረ፣ ሁለቴ ተቋረጠ፤ በሦስተኛው ግን ቃሉ ሙሉውን ወጣ። ሰፊዋም መስኮቱ ክፍት መሆኑን እያየች፣ ግቢው በሙሉ እንዲሰማ አድርጋ «አገባሃለሁ!» አለችው።

ከታች የእትዬ ጥሪ መሐል ላይ ቆመ። የመኪናው ሞተርም ጠፋ። ጥቂት ቆይቶ የእትዬ ኮቴ ደረጃውን ሲወጣ ተሰማ፤ ቁጣ ይዘው ይምጡ ምርቃት፣ ከሁለቱ አንዳቸውም አያውቁም። ትንሹ እጇን ያዘ። ሰፊዋ እርምጃውን እያዳመጠች፣ ፈርቼ ይሆን ብላ ልቧን ፈተሸችው። ልቧ ይመታል፤ የሚመታው ግን በፍርሃት አልነበረም፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ለማየት በጣም ጓጉታ ነበር።